በጧፍ ክር የደፈንነው ጀልባ

ነገሩ የደረሰው ኢጣሊያ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አዳማ ሳለን ነው። ቀኑን አልጠቅስም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን መጻፍ አልወድም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ከዚያ በኋላ ነውና በጊዜው አልጻፍኩትም። እስከ ዛሬ ግን አልረሳሁትም።

ባለቤቴ ወልዴ አናጢ ነው። በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ጀልባ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ገብቶ የዋንዛ ሳንቃ ሲልግ ይመሽበታል። ሊነግድበት አይደለም፤ በእጁ የሠራውን ነገር ውኃ ላይ ማየት ነበር ምኞቱ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ በአጥር አሻግሮ እያየ፣ "አያ ወልዴ፣ ውኃውንስ ማን ሊሠራልህ ነው?" ይለው ነበር።

የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ የሚደፍን ነገር ሲጠፋ እኛ የምናውቀው ጧፍ ብቻ ነበር። እኔ ጥጥ ፈትዬ ክሩን በቀለጠ ሰም ነከርኩ፤ እሱ በቢላዋ ጀርባ እየጠቀጠቀ ክፍተቱን ሞላው። በማለዳው ብርድ ውኃ ብንሞላበት አንዲት ጠብታ አላለፈችም።

አዋሽ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጎረቤቶቻችን ጀልባውን ደፍተው፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥተው ተሸከሙት። ፀሐዩ ሲበረታ ኦቦ ቱፋ አናቱን ዳሰሰና፣ "አያ ወልዴ፣ ጀልባህ ቅቤ ቀባኝ እኮ! ሙሽራ ልታደርጉኝ ነው?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ጀልባው በገመድ እንዲታሰር ለመንኩ።

"ጥጃ ነው እንዴ የምታስሪው?" አለኝ ወልዴ። ኦቦ ቱፋ ግን ይዞት የመጣውን የበሬ ገመድ ከጀልባው ጀርባ አስሮ ጫፉን ግራር ላይ ጠመጠመልኝ።

ወልዴ ገባ፤ ጀልባው ተንሳፈፈ። እልል ልል አፌን ስከፍት ከሥሩ ነጭ ነገር ሲወጣ አየሁ። የፈተልኩት ክር ነው። እየረዘመ፣ እየረዘመ ውኃው ላይ ተዘረጋ። ወልዴ አላየውም፤ እጁን እያወዛወዘልኝ ይስቅ ነበር።

ጀልባው በጎኑ ዘንበል ብሎ ሲሞላ ባሌ እስከ ደረቱ ሰጠመ። ዋና አያውቅም። ከማዶ ደግሞ ግንድ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ተንሸራቶ ውኃ ገባ።

"ያ ዋቃ! አዞ!" አለ ኦቦ ቱፋ። "ወልዴ! እንጨቱን እንዳትለቅ!"

ወንዶቹ ገመዱን ተረባርበው ሳቡ። ጀልባውም ባሌም ጭቃው ላይ ተጎትተው ወጡ። የጀልባውን ጠርዝ የጨበጡት ጣቶቹ አልላቀቅ ብለው አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ።

ጥላ ሥር ተቀምጠን ትንፋሻችን ሲመለስ የኦቦ ቱፋ ፀጉር ላይ አንዳች ነገር ነጥቶ ደርቆ አየሁ። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ዘረጋልኝ። ሰም ነው። መንገዱን ሙሉ እየሳቅን ያንጠባጠብነው ሰም።

"እኔ እኮ ስቀልድ ነበር፣ እትዬ" አለኝ ቀስ ብሎ። የሳቀ የለም።

ጀልባው የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ቀረ። ወልዴም ነገሩን አንስቶ አያውቅም። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አብርቼ ስቆም፣ ሰሙ እጄ ላይ ጠብ ሲል ሳላስበው ወደ ወንዶቹ በኩል ዞር እላለሁ። ጸሎቴ የሚቀጥለው ወልዴን ቆሞ ካየሁት በኋላ ነው።