የበትሩ ሌላኛው ጫፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎሮ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ጎረቤታችን አባባ መኮንን የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ ያወጡና «ሚጣ፣ የት ገባሽ? ነይማ!» ብለው ይጠሩኛል። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው «ዛሬ ሁላችሁም እንደኔ ሆናችሁ» እያሉ ይስቁብን ነበር። ፍሙ ፊታቸውን ቀላ ሲያደርገው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንዱን ይጀምራሉ፤ የሚያወሩት ግን እንደ ሰፈር ወሬ ነው። ሙሴን «ኮልታፋ ነው፣ ግን ነገረኛ!» ሲሉ እናቴ «ኧረ አባባ!» ትላለች።

ከሁሉ የሚወዱት የኢያሱን ነበር። ሙሴ ሞቶ ያ ሁሉ ሕዝብ ትከሻው ላይ ሲወድቅ፣ እግዚአብሔር እንደማይጥለው፣ እንደማይተወው ቃል የገባለትን። እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። አንድ ምሽት እኔም ሞቅ ብሎኝ «እኔም አልተውዎትም» አልኳቸው። «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዚያ ወዲህ መሪያቸው ሆንኩ። እኔ የበትራቸውን ፊተኛ ጫፍ እይዛለሁ፣ እሳቸው ኋለኛውን፤ እንዲህ ሆነን ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም እንሄድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጉርድ ሾላ የታመመች እህታቸውን ጠይቀን ስንመለስ፣ የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምን። እሳቸው ኢያሱን ጀመሩልኝ። ከሁለት ሱቅ ወዲያ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ካርቱን ይታያል። ስንት ጊዜ የሰማሁት ነው አልኩና የያዝኩትን ጫፍ ቀስ ብዬ የሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሰካሁት። ያዝ አድርጎ ቀረ፤ እሳቸውም ወሬያቸውን አላቋረጡም። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ነበር፤ ካርቱኑ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ስመለስ ሰው ከቧቸዋል፣ ጎረምሶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። አባባ መኮንን ኢያሱን ለብረቱ እየተረኩ ነው። በትሩን ነቅዬ ያዝኩ። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሚጣ፣ የሰው እጅና ብረት ይጠፋኛል ብለሽ ነው? ዝም ብል ኖሮ ሰዉ ጥላው ሄደች ብሎ ይሰድብሽ ነበር» ያሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ምናለ በተቆጡኝ!

ያኔ ይቅርታ ብላቸው ያልቅ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ሲጠሩኝ የቤት ሥራ አለብኝ አልኩ፤ በሳምንቱ አመመኝ አልኩ። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተሸፋፍኜ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ፣ አልወጣም። እያደር መጥራታቸውንም ተዉ። ክረምቱ ሳያልፍ ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ እነሱ ቤት ወሰዷቸው፤ ያረፉትም እዚያው ነው።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ያ የተስፋ ቃል በስብከት ሲነሳ፣ አጠገቤ ያሉት እልል ይላሉ፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እግዚአብሔር ቃሉን እንደሚጠብቅ ተጠራጥሬ አላውቅም። እኔ ግን እሱ ብቻ የሚችለውን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ሲያቅተኝ ደግሞ እንደ መመለስ ተደበቅሁ። ብዙ ጊዜ የማስበው ያቺን በረንዳ አይደለም። ለእሷማ እዚያው ታክሲ ውስጥ ይቅር ብለውኛል። የተውኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።