ወንድሜ አባታችንን የሚቀሰቅስበት ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፎገራ ላይ የሩዝ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን ነው። ታሪኩን የሰማ ሰው «ለስልክ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ይለኛል። አዎ፣ ለስልክ ብዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ወረታ ላይ ከጓደኛው ከሰኢድ ጋር ስልክ ይጠግን ነበር። አዲስ ነገር ካየ አያስችለውም። የስልኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አንዱ ተሞክሮ ያለቀለት፣ የተረጋጋው ነው፤ ሌላው ገና ሙከራ ላይ ያለው። መልካሙ ሁልጊዜ የሚጭነው የሙከራውን ነው። ዛሬ ካሜራው እምቢ ይለዋል፣ ነገ ድምፁ ይጠፋበታል፤ እሱ ይስቃል።

«ምናለ እንደ ሰው የተረጋጋውን ብትይዝ?» እለዋለሁ።

«እታለም፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ፊት ካልገባ ሌላው በየት ይሻገራል? አንቺ ፈሪ ነሽ፣ ዝም ብለሽ ጨርቅሽን ሽጪ» ይለኛል። እኔ የጨርቅ ሱቅ ነው ያለኝ።

አባታችን ቄስ ናቸው፤ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሲገፋ እንቅልፍ እየጣላቸው ለኪዳን መነሣት አቃታቸው። አብሯቸው የሚኖረው መልካሙ ስለነበር በራሱ ስልክ አላርም ሞላላቸው። የሚጮኸው ግን ደወል አይደለም፣ የገዛ ድምፁ ነው። «አባ! ኧረ ይነሡ! ምእመኑ ደጅ ቆሞ ቄሱ እንቅልፍ?» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሳቁ ያመልጠዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወባ ያዘው። እንደ ሌላ ጊዜው ይለቀዋል ብለን ነበር፤ አልለቀቀውም። ቀበርነው።

ስልኩ ቀረ። የመክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም። አላርሙ ግን በየንጋቱ ይጣራል፤ አባም «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ተነሥቻለሁ» ብለው ይመልሱለታል። ከቀብሩ በኋላ አባን ከአልጋ የሚያስነሣቸው ይኸው ድምፅ ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቻርጁ እንዳያልቅ ይዤው እሮጣለሁ።

አንድ ቀን አባ «አንቺ ልጅ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጽሑፍ እየወጣበት ነው» አሉኝ። ወስጄ ለሰኢድ አሳየሁት። ጽሑፉን አነበበው።

«እታለም፣ አዲስ የሙከራ ስሪት በራሱ ወርዶ ገብቶበታል። አሁን ስልኩ ጠፍቶ እንደገና መነሣት ብቻ ነው የቀረው፤ ያንን ደግሞ በፈለገው ሰዓት በራሱ ያደርገዋል። ጠፍቶ ከበራ ቁጥሩ ካልገባለት የመልካሙን ድምፅ ከውስጥ ማውጣት አይችልም። በተራ ደወል ነው የሚጮኸው።»

«እንግዲያው ወደተረጋጋው መልሰው።»

«መመለሱን እመልሰዋለሁ። ግን ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚገባው።»

እዚያው እንዳንቀዳው አላርሙ የሚጣራው ንጋት ላይ ነው፤ ሰዓቱን እንዳንለውጠው ስልኩ ተቆልፏል። ሰኢድ «ነገ ሲጣራ የራስሽን ስልክ አስጠግተሽ ቅጂው፤ እሱ ይበቃል» አለኝ። እውነትም እንዴት ቀላል ነገር ነው! በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዴት አንዳችንም አላሰብነውም?

ያን ቀን አባ ዘንድ አደርኩ። ንጋት ላይ ቀድሜ ተነሥቼ ስልኬን አስጠግቼ መቅዳት ጀመርኩ። አባም ነቅተው ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለታችንም እየጠበቅን ነው።

ስልኩ ጮኸ። ተራ ደወል ነበር።

አባ እስኪያበቃ አዳመጡት። ከዚያ «ዛሬስ ልጄ ዝም አለ» አሉ። አለቀስኩ። እሳቸው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ሰኢድ ስንነግረው ከኛ ብሶ አለቀሰ። ስልኩ እንዲያገለግላቸው ወደተረጋጋው ልመልስላቸው ብሎ አባን ጠየቃቸው። «ልጄ ውስጥ አለ አላልክም? ታዲያ እንዴት ብዬ አጥፋው ልበልህ?» አሉት። ስልኩ አሁንም ከራስጌያቸው አለ፤ ቻርጁን አናስጨርሰውም።

እውነቱን ልናገርና፣ መልካሙን እቆጣዋለሁ። ከኔ በኋላ ተወልዶ በሁሉ ነገር ፊት ፊት ካልቀደምኩ አለ። የኔ ስልክ ላይ ያለው የተረጋጋው ነው፤ ስልኩ አዲሱን ልጫን ወይ ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር መልካሙ «ፈሪ» ሲለኝ ይሰማኛል። የዚያን ቀን የቀዳሁትንም አላጠፋሁትም። ደወሉ አለበት፣ የአባ ድምፅ አለበት፣ የሱ የለበትም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ እዚያው አድሬ ነበር። ንጋት ላይ ያ ተራ ደወል ጮኸ። አባ ቀድመው ለብሰው ቆመዋል። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ተነሥቻለሁ» አሉት።

እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ የመልካሙን ሳቅ እየጠበቅሁ ነበር።