የኑሬ ሪዝና የብዙነህ ንጉሥ

ፀጉር አስተካካዩ ብዙነህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኑሬ ተሸንፏል። አንድም ቀን፣ በስሕተት እንኳ፣ አሸንፎ አያውቅም። አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ ሲጠፋ ቼዝ ይዘረጋል። ኑሬ ከሁሩታ እህል ጭኖ ሲመጣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ደጅ ያቆምና ይገባል፤ ሻዩ ሳይበርድ ብዙነህ ተሸንፎ ቁጭ ይላል።

ኑሬን ሰው የሚያውቀው ግን በቼዙ አይደለም፣ በሪዙ ነው። ወይ ሪዝ! ግራና ቀኝ ተጠቅልሎ ሽቅብ የወጣ፣ ከመኪናው ቀድሞ ኬላ የሚደርስ ሪዝ! ያንን ሪዝ በየሳምንቱ አርብ፣ ከጁምዓ በፊት፣ እያበጠረና እየከረከመ ለዚህ ያበቃው ብዙነህ ነው። ከቡልቡላ ድረስ «የኑሬን ዓይነት አድርግልኝ» እያሉ የሚመጡ ነበሩ። የራሱ የብዙነህ ሪዝማ አይወራ፤ ሹሮ በልቶ አፉን መጥረግ የረሳ ነበር የሚመስለው።

ነገሩ የተጀመረው በ1974 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ፣ መዝናኛ ክበቡ ውስጥ ነው። ኑሬ እንደልማዱ ብዙነህን አሸንፎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ ሰውዬ እኔን ካሸነፈ ሪዜን ይላጨኝ!» አለ።

ብዙነህ ደሙ ፈላ። «በል እንግዲያው! እኔም ከተሸነፍኩ የኔ ይላጭ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈይሳ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ውሃ የማይጠጡ ሰው ነበሩ። ወዲያው ብዕራቸውን መዘዙ። የተሸናፊው ሪዝ በሚቀጥለው እሑድ በሰፊው ሕዝብ ፊት እንዲላጭ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። አለቀ።

አርብ ኑሬ ሊከረከም መጣ። ፊቱ አረፋ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ወታደር፣ ወታደር፣ ፈረስ፣ ፈረስ፣ ፊል፣ ፊል፣ ንጉሡ ጥግ ይገባል...» እያለ ያነበንባል። የጣሊያን አከፋፈት የሚሉት የቼዝ አጀማመር ነው፤ አዳማ ውስጥ ቼዝ የሚነካ ሁሉ የሚጫወተው እሱን ነው። ኑሬ አሥራ ሁለት እርምጃውን የሁሩታን መንገድ ኩርባ በሚያውቀው ልክ ያውቀዋል። ብዙነህ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ይሄ ሰው እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አስቦ አያውቅም ለካ! መንገዱ አራተኛው ላይ ቢቆረጥበትስ?

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለየሺዓለም፣ «ንጉሡን አወጣዋለሁ» አላት።

«ዝም በል አንተ ሰው!» አለች በሩን እየዘጋች። «ጎረቤት ይሰማል!»

እሑድ ክበቡ ጢም ብሎ ሞላ። ብዙነህ ወንበሩን፣ መስተዋቱንና ምላጩን ከፀጉር ቤቱ አስመጥቷል። ነጩን ያዘ። ወታደር፣ ወታደር፣ ፈረስ፣ ፈረስ፣ ፊል፣ ፊል። አራተኛው ላይ ንጉሡን አነሳና፣ ጥግ በማስገባት ፈንታ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት አወጣው።

የኑሬ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ይሄ ምንድነው?»

«ንጉሥ ነዋ።»

«የት ሊሄድ?»

«ነፋስ ሊቀበል።»

ጓድ ፈይሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ ብዙነህ፣ ንጉሡ ምን ሊያደርግ ነው የወጣው?»

«ሊማረክ ይሆናል፣ ጓድ።»

መልሱን ወደዱት፤ ጻፉት።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ እርምጃዋ የጅል እርምጃ ነበረች። ብዙነህም ከዚያች ወዲያ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ኑሬ ዝም ብሎ ቢጫወት ባፍ ጢሙ ይደፋው ነበር። ግን ጠረጠረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ የተመነጠረው ግን የጠረጠረው ነው። ወጥመድ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት አፈጠጠ። የወጣውን ፈረስ መለሰ፣ ፊሉን መለሰ፣ ከሌለ ጠላት ሲሸሽ ንግሥቱን ለብዙነህ ፈረስ አስረከበ። ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል፤ ምሳ ሳይደርስ የኑሬ ንጉሥ መውጫ አጣ።

ዘጠኝ ዓመት! ብዙነህ ብድግ ብሎ ጮኸ፣ እንባውም መጣ።

«ይላጭ! ይላጭ!» አለ ሕዝቡ። ኑሬ ቃሉን አይበላም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ብዙነህ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን አነሳ። እጁ እንቢ አለው። ዘጠኝ ዓመት አርብ አርብ የደከመበት ሪዝ እኮ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያማረ ነገር የሠራው ይህንኑ ብቻ ነው። የኑሬ ከንፈር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። አንጀቱን በላው።

«ውሳኔ ነው፣ ጓድ!» አሉ ፈይሳ። «ሪዝ ሳይላጭ ማንም አይወጣም!»

ብዙነህ ወደ መስተዋቱ ዞረና በሁለት ምት የራሱን ሪዝ ላጨው። ፈይሳ አንዴ የብዙነህን ከንፈር፣ አንዴ ሰዓታቸውን አዩና፣ ምሳቸው እንዳይቀዘቅዝባቸው፣ መዝገቡን ዘጉ።

መቼም ያየ እንጂ የሰማ አይታመንም። በማግሥቱ ሪዝ የሌለው ብዙነህ ሪዛም ከሆነው ኑሬ ጋር ሲሄድ ያየ፣ ክበቡ ያልነበረ ሁሉ፣ «አይዞህ ብዙነህ፣ በሚቀጥለው» ይለው ጀመር።

«ወላሂ ያሸነፈኝ እሱ ነው!» ይላል ኑሬ፣ ከአዳማ እስከ ቡልቡላ በቆመበት ሻይ ቤት ሁሉ።

«አቤት ኑሬ!» ይላሉ። «አሸንፎ እንኳ አይኮራም!»

የሺዓለም እንኳ የተላጨ ከንፈሩን አይታ፣ «ንጉሡን አታውጣ ብዬህ አልነበር?» አለችና ምሳውን አቀረበችለት።

አርብ ኑሬ መጣ። አረፋው ተቀባ። ዛሬ አያነበንብም።

«ብዙነህ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ አውቃለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ማን እንዳሸነፈ።»

ብዙነህ ማበጠሪያውን አነሳ። «አገጭህን ቀና አድርግ» አለና የግራውን ሪዝ መከርከም ጀመረ።