ለጫፌ የዋልኩት ውለታ

የጫፌን ዕዳ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህን ከእኔና ከብድር ማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ለማንም ትንፍሽ እንደማትል በልጆቿ ምላልኛለች። ሰው ደግ ሲሠራ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። እኔ እንዳይታወቅብኝ እየፈራሁ እኖራለሁ።

ጫፌና እኔ አሥራ አራት ዓመት አብረን አንሶላ አጥፈናል። የምንሠራው የሆቴልና የሆስፒታል ጨርቅ በሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ከታች ማጠቢያዎቹና ውኃ የሚያፈላው ቦይለር፣ ከላይ በካውያ ተኳሾቹና እኛ አጣፊዎቹ። ትልቅ አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ በዚያ፣ ሌላዋ በዚህ ይዛ ትወጥራለች፤ ከዚያ ወደ መሃል መጥተን እንገናኝና አንዳችን ጫፉን ለሌላችን አቀብለን እንመለሳለን። ይህን በቀን ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ጊዜ እናደርጋለን። በቀን አራት መቶ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ሴቶች የሚደባበቁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጫፌ የተባለችው አንሶላውን አዘንብዬ በያዝኩ ቁጥር "ጫፌን፣ ጫፌን" ስለምትል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲበዛ ጥንቁቅ ሴት ናት። ጠርዝና ጠርዙ ካልገጠመላት እንደገና ትዘረጋዋለች፤ እኔም "ማን ሊለካው ነው፣ የሚተኛበት እኮ በሽተኛ ነው" እያልኩ እነጫነጫለሁ። "በሽተኛስ ሰው አይደለም?" ትለኛለች። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የጠየቋት ሁሉ "ማን ከነዕዳዬ ይወስደኛል" የሚል መልስ አግኝተው ተመልሰዋል።

ዕዳው የራሷ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ የድርጅታችን ሾፌር ሳለ ከሠራተኞች ብድር ማኅበር ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሲበደር ዋስ የሆነችው እሷ ናት። ልጁ ሁለት ወር ከፍሎ አንድ ቀን የመኪናውን ቁልፍ ለጥበቃው ሰጥቶ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። በማኅበራችን ተበዳሪው በየወሩ ራሱ እየሄደ ይከፍላል፤ እምቢ ካለ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። ዋሱ ደግሞ ዕዳው ሳያልቅ ሥራ ልልቀቅ ቢል ክሊራንስ አይሰጠውም። እንዲህ ሆና ጫፌ ዘጠኝ ዓመት ከረመች።

በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ታላቅ ወንድሟ አለ፤ እናታቸውም እሱ ዘንድ ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ሚስቱ ሥራ ትውላለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ወንድምየው በየሳምንቱ እየደወለ "እህቴ፣ አንቺ ብትኖሪ እማዬ እንዲህ አትሆንም ነበር" ይላታል። እሷም "አይ ጋሼ፣ ይሄ ዕዳ ባይኖርብኝ ዛሬውኑ ሻንጣዬን ይዤ አልመጣም ነበር?" ትለዋለች። በማግስቱ ይህንኑ ለእኔ ትደግምልኛለች፤ አንሶላውን እየወጠረች "ምነው ይሄ ዕዳ ከላዬ ላይ በወረደልኝና እናቴን በጦርኩ" ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንጀቴን በላችው።

ባለፈው ዓመት የሟቹ ባሌ የጡረታ ውዝፍ፣ ስንት ቢሮ ካመላለሰኝ በኋላ፣ ባንድ ጊዜ ተከፈለኝ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል፤ አዲስ ሶፋ ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁ። አንዱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሻጩ ስለ ስፖንጁ ሲያወራልኝ ጫፌ ትዝ አለችኝ። እኔ እዚህ ልንደላቀቅ፣ እሷ እናቷን ሳታይ ልታረጅ። ተነሥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የቀራትን የሦስት ዓመት ክፍያ ጠቅልዬ ከፈልኩ። ሒሳብ ሠራተኛዋን ያስማልኳት ትሑት ሆኜ አይደለም። ጫፌ ካወቀች ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላ አዘንብዬ ብይዝም ዝም ትለኛለች ብዬ ነው። ባለውለታውን ማን ይቆጣል?

ቢሮ ተጠርታ ወረቀቱን ተቀብላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምነው?" አልኳት፣ የማላውቅ መስዬ።

"ዕዳዬን ሰው ከፈለው።"

"ማን?"

"ስሙን አልተናገረም አሉኝ።"

"ታዲያ እሰይ አትይም?"

"እሰይ" አለች። አንሶላ አነሣች፤ ያዝኩላት፤ አጠፍን። ጠርዙ ሦስት ጣት ያህል ተዛንፎ ነበር፣ ግን እንደገና አልዘረጋችውም። ደንግጣ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። ከተኳሾቹ አንዷ የጫፌን ስልክ ከኪሷ ነጥቃ ለወንድሟ ደወለች፣ ምሥራቹን ልትነግር። "መኪና ለምኜ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ" አለ። ሲያለቅስ ሁላችንም ሰማነው። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

ያን ሰሞን ጫፌ የሰው ፊት ስታጠና ከረመች። ሥራ አስኪያጁ ደህና አደርሽ ሲላት "እሱ ይሆን እንዴ?" ትለኛለች። ጥበቃው በሩን ሲከፍትላት "እሱ ከየት አምጥቶ" ትላለች፣ ግን ለእሱም ጎንበስ ብላ ታልፋለች። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችኝም። ቆንቋና መሆኔን ስለምታውቅ ይሆናል።

ሳምንት ሳይሞላ ጉድ ሰማሁ። ቦይለሩን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ቀጠሮ እንለዋለን። ከሁላችንም ትንሽ ትንሽ ተበድሯል፤ ሲጠየቅ "ማክሰኞ" ይላል፣ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን አይናገርም። የቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ለቆርቆሮ ከማኅበሩ መበደር ፈልጎ ሁለት ዓመት ዋስ ሲለምን ሰው ሁሉ እንዳላየ ያልፈው ነበር። ጫፌ ሄዳ ፈረመችለት። እሷን ለምኗት እንኳ አያውቅም።

ጫፌን የንጹሕ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። "አበድሽ? ከአንዱ ጉድጓድ ሳትወጪ ሌላ ውስጥ ትገቢያለሽ? ቀጠሮ እኮ አይከፍልም።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ?"

"ስለማውቅ ነው።" የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ሌላው ቢቀመጥበት የምትጮህበት ክምር። "መሄድ አልፈልግም" አለች። "ሰምተሻል? አልፈልግም።"

ከዚያ ዘረገፈችው። ስድስት ልጆች ነበሩ፤ በዕድሜ ሁለተኛ ናት፣ በሥራ ግን የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ሕፃን አቅፋ ነው የተኛችው፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ይተካል። አባቷ ሲታመሙ እሳቸውን፣ እሳቸው ሲሞቱ አያቷን አስታመመች። በሠላሳ ዓመቷ ይህን ሥራ አገኘችና ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ተከራየች።

"ገብቼ በሩን ስቆልፈው ማንም አይጠራኝም" አለችኝ። "ራቴን በልቼ ሳህኑን ሳላጥበው አድራለሁ። አንቺ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባሽም። ጋሼ አልጋ አዘጋጅቶልኛል፣ ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ። እናቴን እወዳታለሁ። ግን ስሜን ስትጠራኝ እንደገና አሥር ዓመት ይሆነኛል።"

"ታዲያ አልመጣም በይዋ።"

"በምን አፌ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕዳው ባይኖር ስል ኖሬ፣ ዛሬ ምን ልበል? ዋሸሁ ልበል?" ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። "ለማንም እንዳትነግሪ። ማይልኝ።"

ማልኩላት። ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። አንዲት ሴት ራሷን የምትሸሽግበት አንድ ነገር ኖሯት፣ እኔ በጡረታ ገንዘቤ ገዝቼ አፈረስኩባት። በተናደድኩበት አፍታ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዘንድ ሮጬ "ያን የከፈልኩትን መልሺልኝና ዕዳው ይመለስባት" አልኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "እትዬ፣ ዕዳ የሚመለስበት ፎርም የለንም" አለች። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ጤናዬን ትጠይቀኛለች።

ጫፌ ያሰበችው ግን ሠራላት። ለሰው ዋስ ገብታ ክሊራንስ መከልከሏን ስትነግረው ወንድምየው በስልክ ጮኸባት፤ ቀጥሎ "መቼም ደግነትሽ ነው የሚገድልሽ" ብሎ አለቀሰ። መኪናው ቀረ። ጫፌም ቀለም ተመለሰላት፤ አንሶላ ስይዝ መቆጣት ጀመረች። እኔ ደግሞ ቀጠሮ እንዳይከፍል ጸሎት ያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር እግዜርን እለምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀጠሮ ከፈለ። የመጀመሪያውን ወር ቀኑ ሳይደርስ ከፈለ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ደርቦ ከፈለ። ሲጋራውን ተወ፣ ምሳውን አሳነሰ፣ በእረፍት ቀኑ ከጭነት መኪና ላይ ሲሚንቶ ያወርድ ጀመር። አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን ቦይለሩ ጋ ወረድኩ።

"አንተ፣ ምን ያጣድፍሃል?" አልኩት። "ሁለት ዓመት አለህ አይደል? እስቲ ለራስህ አንድ ጃኬት ግዛበት።"

ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አምኖ የፈረመልኝ ሰው የለም። የገዛ ወንድሜ እንኳ እምቢ ብሎኛል። እሷ ግን ሳልለምናት መጣች። እሷን ካሳፈርኩ እኔ ሰው ነኝ?" ይህን ብሎ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ከአራት ዓመት በፊት ከእኔ የወሰደውን ቆጥሮ ሰጠኝ። ገንዘቤ ሲመለስልኝ የከፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ለጫፌ ምን እላታለሁ? እሷም ታያለች፤ የወሩ መጀመሪያ በደረሰ ቁጥር ቀጠሮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወደ ሒሳብ ክፍል ሲወጣ በመስኮቱ እናየዋለን። ሁለታችንም እጃችን ላይ ያለውን አጥፈን ሌላ እናነሣለን። በቀን አራት መቶ ጊዜ መሃል ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ እሷ ግን ያዘንኩላት መስሏት "አይዞሽ" ትለኛለች። እኔን።

የሁለት ዓመቱን ዕዳ በስምንት ወር ጨረሰው። የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዞ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ማጠፊያ ክፍል ድረስ መጣ። "እትዬ ጫፌ" አለ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ እየሰጣት፣ "አላሳፈርኩሽም። ከእንግዲህ በእኔ የተነሣ የሚይዝሽ ነገር የለም።" ጫፌ ደረሰኙን አየችና እንባዋ ወረደ። ደስታ መስሎት እሱም አለቀሰ። "እግዜር ይስጥህ፣ ጎበዝ ነህ" አለችው፤ ሌላ ምን ትበለው፣ ምስኪኑ በሕይወቱ የሚኮራበትን ሥራ ሠርቶ ፊቷ ቆሟል። ተኳሾቹ እንደገና አጨበጨቡ። ያቺው ሴትዮ እንደገና ስልክ ደወለች።

ወንድምየው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አልጋዋን፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ቁም ሣጥን ጫንን፤ ሌላ ዕቃ አልነበራትም። ያን ቀን ልነግራት ቆርጬ ነበር የሄድኩት። በልቤ ቃሉን ስደረድር አድሬያለሁ፦ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ከፈለግሽም ለወንድምሽ እኔው እነግረዋለሁ። ወንድምየው ከአከራይዋ ጋር የመብራት ሒሳብ ሊተሳሰብ ሲገባ መኪናው ጎን ሁለታችን ብቻ ቀረን። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ያን ሰውዬ ሁልጊዜ አስበዋለሁ" አለች።

"የትኛውን?"

"ዕዳዬን የከፈለውን። ምን በድዬው ይሆን እላለሁ።" የተናደደች አትመስልም፤ የምር ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ። "አንቺ የምንሠራበትን ሰው ሁሉ ታውቂያለሽ። ማንን ነው እንዲህ ያስቀየምኩት?"

"ማንንም አልበደልሽም" አልኳት። ከዚህ ሌላ አልወጣልኝ አለ።

"ባገኘውና እሱም እንዲህ ቢለኝ ይበቃኝ ነበር" አለችና መኪናው ውስጥ ገባች። ወንድምየው ተመልሶ መጣ፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ እህት ሆነሽላታል፣ ውለታሽን አንረሳም" አለኝ፤ ከዚያ በሩን ዘጋላት።