የእናቴ የወይራ ቅጠል

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ቅቤ ስገዛ ሙዝ እንዳልገባበት አሸትታለሁ፤ በርበሬ ስገዛ የሸክላ ዱቄት እንዳይሆን በጣቴ አሽቼ አያለሁ። ኦሎምፒያ ያለው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ "መርማሪዋ" ይሉኛል። እነሱ ሊነኩኝ ብለው ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አብራኝ ትኖራለች። የደም ግፊት አለባት፤ በየጠዋቱ አንድ ክኒን ትውጣለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ታዲያ ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን ከቤተሰቦቿ አገር ስትመለስ አንድ ፌስታል የወይራ ቅጠል አመጣችላት። እናቴ ወይራን የምታውቀው ለጥርስ መፋቂያና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነበር። "እማማ፣ ለግፊት ፍቱን ነው፤ እኔም እጠጣዋለሁ" ስትላት ዓይኗ በራ። ቅጠሉን በረንዳ ላይ ጥላ ፈልጋ አደረቀች፤ ከዚያ በየማለዳው አንድ ጭብጥ እያፈላች በብርጭቆ መጠጣት ያዘች። አንዴ ብቀምሰው ምሬቱ እስከ ምሳ ሰዓት ከአፌ አልወጣም።

ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የፈራሁት ክኒኑን እንዳትተው ነው። የአንዲት ባልደረባዬ እናት ክኒናቸውን በቅጠል ተክተው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ቀርቷል።

"እማ፣ ክኒንሽን እየወሰድሽ ነው?"

"እየወሰድኩ ነዋ!"

"እውነትሽን ነው?"

"ምን ያስዋሸኛል? ልጅ ነኝ እንዴ?"

ክኒኑን ለሁለት ሳምንት ቆጠርኩት። በየቀኑ አንድ ይጎድላል። ግን ወደ መጸዳጃ ብትጥለውስ? መቁጠሩን ከተውኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ በረንዳውን ስጠርግ ከአበባው ማሰሮ ሥር አንድ ነጭ ክኒን አገኘሁ። ያዝኳት አልኩ በልቤ። ልጠይቃት እችል ነበር፤ ግን እንደምትዋሸኝ አስቀድሜ ወስኜ ነበርና አልጠየቅኋትም።

ወሎ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ያንኑ ዓይነት ክኒን ገዛሁ። ቤት ስገባ "ከነገ ጀምሮ ወይራውን እኔ አፈላልሻለሁ" አልኳት።

"ተመስገን! አንቺም አመንሽ ማለት ነው" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

በየማለዳው አንዱን ክኒን በማንኪያ ጀርባ አድቅቄ ብርጭቆው ውስጥ አማስልላት ጀመር። ያ ሁሉ ምሬት እያለ ክኒኑ ከየት ይለያል? እሷም እያመሰገነች ትጠጣዋለች።

በሳምንቱ ግፊቷን ስለካ ወርዷል። ይኸው፣ ክኒኑን ስትጥለው ነበር ማለት ነው አልኩ። እሷ ደግሞ "ይኸው ወይራው!" ብላ ጎረቤታችንን በምርቃት አጥለቀለቀቻት። ከዚያ በኋላ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ያዞራት ጀመር። "እርጅና ነው" ትላለች። እኔ፣ መርማሪዋ፣ ያንን አመንኳት።

አንድ ጠዋት ለሰርቪስ ልወጣ ስል ደረጃው ላይ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ እናቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ግንባሯ ይደማል፣ የግራ እጇ አንጓ ዞሯል።

ሕክምና ቤት ውስጥ ወጣቱ ሐኪም ግፊቷን ለካ፤ አላምን ብሎ ደግሞ ለካ።

"እማማ፣ ክኒኑን በቀን ስንት ይወስዳሉ?"

"አንድ። አንድም ቀን አላጓደልኩ። እንዲያውም አንዱ በረንዳ ላይ ከእጄ ወድቆ ቢጠፋብኝ፣ ይቅርብኝ ሳልል ሌላ አውጥቼ ውጫለሁ።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"ሌላ የሚወስዱትስ አለ?"

"የወይራ ቅጠል ብቻ፣ ልጄ።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ቅጠሉ ራሱ ግፊት ሊያወርድ ይችላል፣ ከክኒኑ ጋር ሲደረብ እንዲህ ሊጥል ይችላል፣ ይተዉት አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሌላ ነገር የለም አይደል?"

"የለም" አልኩ።

እናቴ እጇ በጄሶ ታስሮ ቤት እንደገባች ቅጠሉን እስከ ፌስታሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ሊገድላት እንደነበረ ለብሎካችን ሴቶች ሁሉ ነገረች። ጎረቤታችንን ሰላም ማለት ተወች። ያቺ ሴት አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቃ አስቆመችኝ።

"እኔስ ያንኑ ቅጠል አይደል የምጠጣው? እማማን ምን አደረግኳቸው?"

"ምንም አላደረግሻቸውም" አልኳት። ቀሪውን እንድነግራት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቦርሳዬን አስተካክዬ ወደ ላይ ወጣሁ። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም። አፍራለሁ።

የእናቴ እጅ ድኗል፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው። ክኒኗን ግን ራሷ ማውጣት ትታለች። "አንቺ ነበርሽ ልክ፤ ያኔ ብሰማሽ ኖሮ" ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ያንን ጠማማ እጇን ትዘረጋልኛለች። ያስቀመጥኩላትን ነገር አታየውም፤ ትውጠዋለች።