ምስጋናው ፊሽካውን ያስረከበ ዕለት

ጎረቤታችን ምስጋናው በልጅነቱ ከአምባሰል በኩል መጥቶ ሐይቅ ከተማ የቀረ ሰው ነው። ከዋናው መንገድ ዳር የባጃጅና የሚኒባስ ጎማ ይጠግናል። የሱሪው ጉልበት ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም፤ ብርጭቆውን ይዞ ይንጎራደዳል።

ከሥራው ሌላ ሐሳቡ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ናቸው። መዝሙር የሚያስጠና ሌላ ሰው አለ፤ እሱ የሚያሠለጥነው ነገ መሪ የሚሆኑትን ነው። እሱ ዘንድ ማንም ወጣት ድምፅ ማጉያ ከመያዙ በፊት፣ ታቦቱ የሚሄድበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለለ ወደፊት ተሸክሞ መሮጥ አለበት። «መጀመሪያ ትከሻችሁ ይልመደው፤ ምላሳችሁ ይደርሳል» ይላቸዋል።

ችግሩ እሱ ራሱ ነበር። ምንጣፉን የሚያስኬደውን ፊሽካ ከዚህ በፊት ለሁለት ወጣቶች በየተራ ሰጥቶ፣ መንገዱን ሳያጋምሱ መልሶ ወስዶባቸዋል። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ወደ አገልግሎት አልተመለሱም። ዘንድሮ ተራው የይትባረክ ሆነ። ይትባረክ ኮሌጅ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እኔንም መሐል መንገድ ላይ ከቀሙኝ ሁለተኛ አልመጣም። ከአሁኑ ልንገርዎት» አለው ፊሽካውን ሲቀበል።

«ምንም አልናገርም። ከኋላ ነኝ» አለ ምስጋናው፤ እግሩ ግን መሬቱን ይመታ ነበር።

የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ ከጋሽ ሀሚዱ ደጅ ድንኳን ተተክሎ አየን። ሚስቱ ሌሊት ሞታ፣ ቀብረዋት ገና መመለሳቸው ነበር። ይትባረክ ፊሽካውን ነፋ። ምንጣፉ ቆመ፤ ከበሮው ቆመ፤ ታቦቱን የተሸከሙት ቄስም ቆሙ።

ምስጋናው ቢሆን ሳያቆም በታችኛው መንገድ ያዞር ነበር። «ሌላ መንገድ እያለ ታቦት በፀሐይ ይቆማል?» እያለ ከኋላ የያዘውን የምንጣፍ ጥቅል አስቀመጠ፣ አነሣ፣ ትንሽ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እግርዎንም ቃል ያስገቡት እንጂ!» አለው አንዱ ጎረምሳ። ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ይትባረክ ጫማውን አውልቆ ወደ ድንኳኑ ገባ። ጎንበስ ብሎ ጋሽ ሀሚዱን ሲያናግር ይታየናል። ጋሽ ሀሚዱ ዐይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ወጣ።

«እለፉ እንጂ ልጄ፣ በዓላችሁ አይደል? እሷም ብትኖር እዚህ በር ላይ ቆማ ነበር የምታያችሁ። ያንን ድምፅ ማጉያ ብቻ ዝጉልን፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ውለው ራሳቸውን አሟቸዋል።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አለ ይትባረክ።

ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ይትባረክ ግን በዚህ አላበቃም። ከምንጣፍ ተሸካሚዎቹ ጠንካራ ጠንካራዎቹን መርጦ፣ «እናንተ እዚህ ቅሩ። ውኃ ቅዱላቸው፣ ለቅሶ የሚመጣውን አስተናግዱ» አላቸው።

ምስጋናው ፊቱ ቀላ። ሐይቁ ዳር ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ቀርቷል፤ ተሸካሚው ደግሞ ድሮም አይበቃም። ምንጣፉን ጥሎ ወደፊት ተንደረደረ። ይትባረክ ዞር ብሎ አየው። አልሸሸም፤ ፊሽካውን በመዳፉ ጨብጦ ጠበቀው። ምስጋናው ከፊቱ ደርሶ እጁን ወደ ፊሽካው ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ሰው ጎደለን፣ ጋሼ። ጥቅሉን ይዘው ወደፊት ይምጡልኝ» አለው ይትባረክ ቀስ ብሎ።

ያ ሁሉ ምእመን እያየው ሽበታሙ ምስጋናው ምንጣፍ ተሸክሞ ሮጠ፤ አስቀምጦ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። መዝሙሩ ዝግ ብሎ ድንኳኑን አለፈ። ለቀስተኞቹ ታቦቱ እስኪያልፍ ቆመው ጠበቁ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ የምስጋናው ሸሚዝ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። «ልጆቹን እዚያ መተውህ ግን...» ብሎ ጀመረ።

«ነገ እንነጋገርበታለን፣ ጋሼ። አሁን ምንጣፉ ሳይረጥብ ይነሣ።»

ምስጋናው ከንፈሩን ነከሰ። ወዲያ ተንጎራደደ፣ ወዲህ መጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የምንጣፉን ጫፍ ያዘ።

«በየት በኩል ልጀምር?» አለው።