ሳትመዘገብ የመጣች ቢጫ ጃንጥላ

ትናንት አንድ ስልክ ተደወለልኝና ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ... ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሌላ ከተማ ሲመጡ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን እያስጎበኘሁ የማስተምር ሴት ነኝ። አስተማሪ አይደለሁም ብላቸውም ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ፤ ተውኋቸው። ባለፈው ወር የመጡት ከደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ሰኞ ዕለት ገበያ ውስጥ አንዲት ቢጫ ጃንጥላ ከኋላችን አየሁ። ፀሐዩ ሰው ይጠብሳል፤ ምንም አልመሰለኝም።

ማክሰኞ ቆጋ መስኖ ሄድን። ልጆቹ ቦዩ ዳር ተሰብስበው አንድ ገበሬ ስለ ድንች ሲያስረዳቸው፣ ማዶ ዛፍ ሥር ያችው ቢጫ ጃንጥላ ቆማለች። ከሥሯ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት... መንገደኛ ትሆናለች ብዬ ተውኋት።

ረቡዕ ጢስ ዓባይ። እዚያም አለች! በስመአብ ወወልድ! የሰው ልጅ አደራ ይዤ ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው? ልጅ ልትሰርቅ ይሆን? ልክ ወደ እሷ ልሄድ ስል ደግሞ ቢኒያም የሚባል ተማሪዬ አናደደኝ። ቁመቱ በር ላይ የሚያስጎነብሰው ልጅ ነው። ሁሉም ወደ መኪናው ሲመለስ እሱ ፏፏቴው ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ና እንጂ! ውሃው እንደሆነ አያልቅም!»

«ትንሽ ቆዪ ቲቸር... በደንብ ይታይ።»

እሱን ስጎትት ሴትየዋ ከዓይኔ ጠፋች። ልጁ ግን ሌላ ጊዜ ጨዋ ነው። ማታ ማታ የነገ ውሏችንን በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እጽፋለሁ፤ «ቲቸር፣ የነገውን ለወላጆች ላክሽ?» ብሎ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። እንዴት ያለ አስተዋይ ልጅ ነው እል ነበር።

ደንባችን አንድ ነው፤ ወላጅ አይከተልም። ልጆቹም ርኅራኄ የላቸው... አንዱን ልጅ እናቱ ደውላ «በላህ ወይ?» ስላለችው ብቻ ሳምንቱን ሙሉ «ጡጦ» ሲሉት ከረሙ።

ሐሙስ ጣና ላይ ወጣን። መጀመሪያ የደረስነው ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ወንዶቹ አብሯቸው ከመጣው አስተማሪያቸው ጋር ሽቅብ ወጡ፤ እኔና ሴቶቹ ጀልባው ዳር ቀረን። ሴቶቹ አኩርፈዋል። ቀጥሎ ሁላችንም የምንገባበት አለ እያልሁ ሳባብል ሌላ ጀልባ ተሳላሚዎች ይዞ መጣ። ወንዶቹ ወርደው ወደ ላይ አቀኑ... አንዲት ሴት ብቻ ከነቢጫ ጃንጥላዋ ቀረች።

እንግዲህ ወዴት ትሂድ? ከፊቷ ውሃ፣ ከኋላዋ ደንብ።

«እናቴ፣ ምን ፈልገው ነው የሚከተሉን?» አልኋቸው በቁጣ።

ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የቢኒያም እናት ነኝ፤ ዘነበች እባላለሁ። ተለይቶኝ አድሮ አያውቅማ! ማታ ብርድ ልብሱን ይጥላል... እዚሁ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፌ፣ አንች በምትጽፊው እየተመራሁ ነው የምመጣ። እባክሽ እንዳትነግሪው። ጓደኞቹ ካወቁ መሳቂያ ይሆናል፣ ዳግም ዓይኔን አያይም።»

ለካ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጁን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት፤ ሱቃቸውንም ዘግተው ነው የመጡት። አንጀቴን በሉት። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ይመለሱ ልላቸው አፌን ስከፍት የወንዶቹ ሳቅ ከላይ ተሰማ። እየወረዱ ነው! እትዬ ዘነበች ክው አሉ።

ሴቶቹ ለካ ጆሯቸውን ጥለው ሁሉንም ሰምተዋል። አንዷ «ይምጡ እዚህ!» ብላ መሃላቸው አስቀመጠቻቸው፤ ሌላዋ ጃንጥላውን አጥፋ ቀሚሷ ሥር ሸጎጠችው። ሁሉም ነጠላ ለብሷል፤ ማን ከማን ይለያል? ወንዶቹ እየተገፋፉ አልፈው ጀልባው ላይ ወጡ።

ቢኒያም ግን ከሁሉም ኋላ ወረደና ወደ ሴቶቹ ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ዳር ሳበኝ።

«ቲቸር፣ እባክሽ አትመልሻት።»

«ማንን?»

«እማዬን። ከሰኞ ጀምሮ አይቻታለሁ። ጃንጥላዋን እኮ እኔ ነኝ የገዛሁላት።»



«ታዲያ ምነው ዝም አልህ? ጓደኞችህ ቢያዩስ?»

«ይሳቁ! እሷ አንድ ቀን ለራሷ ብላ ከማርቆስ ወጥታ አታውቅም። ሂጅ ጎብኝ ስላት 'ሥራዬን ማን ይሠራልኛል' ነው። እኔን ልጠብቅ ብላ ግን ይኸው ጣናን አየች። ትናንትም ፏፏቴውን ጠግባ እስክታይ ነው የቆምሁት... እኔ ከሄድሁ እሷም ትሄዳለቻ! ብቻ ማወቄን እንዳትነግሪያት።»

አልዋሽም፣ አለቀስሁ። ልጆቹ ሲያዩኝ ፀሐዩ ነው አልኋቸው።

እናት እንዳትነግሪው፣ ልጅ እንዳትነግሪያት... እኔም ዝም አልሁ። ማታ ግሩፑ ላይ ፕሮግራማችን ውስጥ ያልነበረ ነገር ጨመርሁ፦ «አርብ፣ ጣና ዳር ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት።»

ልጆቹ «ይኼ ደግሞ ምኑ ትምህርት ነው?» ብለው አጉረመረሙ። ቢኒያም ብቻ ቀድሞ ሄዶ ተቀመጠ።

እትዬ ዘነበችም መጡ። ራቅ ብለው ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ዘወር ብለው አላዩትም። ውሃውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

ትናንት የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰላምታው ሲያልቅ «ቀጣዩ ጉዞ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ምነው፣ ቢኒያም ሊደግም ፈለገ?»

«ኧረ እሱ ፈተና አለበት...» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ብቻዬን ብመጣ ቅር ይልሻል?»

«ማታ ብርድ ልብስ የማይጥሉ ከሆነ ይምጡ» አልኋቸው።